«የማይሞተው ጨዋታ» ኮዬ ፈጬ ላይ ሲመረመር

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንዲት ኮሙናል ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የቼዝ ቤት ትሆናለች። ሰርግ ወይም ልቅሶ ካለ ቦርዶቹ ወደ ብሎኩ ደረጃ ይሰደዳሉ። የሚመጡት በአብዛኛው የሰፈሩ ተማሪዎች ናቸው። የሚያስተምሯቸው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል። እኛ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ጋሼ» እንላቸዋለን።

የቲቸር ዘዴ ቀላል ነው። የድሮ ጌቶችን ጨዋታ ቦርድ ላይ ይደረድራሉ። ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አጣጥፈው «እዚህ ጋ ምን ትጫወታላችሁ?» ይላሉ። ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይሳሳታሉ። ከዚያ እሳቸው ንግሥቲቱን አንስተው ሊበሏት የምትችልበት ቦታ ላይ ያስቀምጧታል። ቤቱ በጩኸት ይሞላል። ብዙዎቹ ልጆች ቼዝ የወደዱት በዚህች ቅጽበት ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህን ሥርዓት ያናጋው አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ሊቼስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጭኗል። ሊቼስ ውስጥ ደግሞ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ኢንጂን፣ ማለትም እንቅስቃሴዎችን የሚያሰላ ፕሮግራም፣ አለ። አንድ ቅዳሜ ቲቸር አዶልፍ አንደርሰን በ1851 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሎንዶን ላይ የተጫወተውን፣ «የማይሞተው ጨዋታ» የሚባለውን እያሳዩ ሳለ ልጁ ከኋላ ሆኖ እያንዳንዱን ሙቭ ስልኩ ላይ ይመታ ነበር። ትልቁ መስዋዕትነት ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጮኸ። እሱ ግን ስልኩን ዘረጋ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሙቭ እኮ ስህተት ነው። ኢንጂኑ የጥያቄ ምልክት ሰጥቶታል።»

«የቱ ሙቭ?»

«አሁን ያጨበጨብንለት። እነዚህ ሰዎች ፋራ ናቸው በቃ።»

ቲቸር ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «አንደርሰንን ነው ፋራ ያልከው?» አሉት። የዚያን ቀን ሌላ ጨዋታ አልታየም።

ነገሩ በዚህ ቢያልፍ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። አላለፈም። በቀጣዩ ሳምንት ሁለት ትንንሽ ልጆች ቲቸር የሚያሳዩትን ትተው «ኢንጂኑ ምን አለ?» ማለት ጀመሩ። አንዱ ወላጅ ደግሞ ልጄ ስህተት ከምትማር ስልኩን ራሱን ብትማር አይሻልም ወይ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው አግባብ ነው። የድሮ ጌቶች ጨዋታ ዛሬ ማንኛውም ስልክ ላይ ባለ ፕሮግራም ሲመረመር ይቆማል ወይስ ይወድቃል? የሚወድቅ ከሆነስ ለምን እናስተምረዋለን? ቲቸር ራሳቸው «በደንብ እንፈትሸው» አሉ። ልጁ ስልኩን ይዞ፣ እሳቸው ቦርዱን ይዘው፣ እኔ ማስታወሻ እየያዝኩ ሦስት ጨዋታዎችን ለመፈተሽ ተስማማን።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከጨዋታዎቹ በፊት ስለ መሣሪያው ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ስቶክፊሽ በ2008 የወጣ፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በ1997 ኒው ዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ በተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር 3.5 ለ 2.5 ሲሸነፍ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። ያ ማሽን ቁም ሣጥን የሚያክል ነበር። ዛሬ ተራ ስልክ ላይ የሚሠራው ስቶክፊሽ ከዲፕ ብሉ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ «ስልኩ ከአንደርሰን ይበልጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያለቀለት ነው። ከዘመናችን ታላቅ ተጫዋች ከማግነስ ካርልሰንም ይበልጣል።

ኢንጂኑ ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ቁጥር ይሰጣል። ነጭ ከበለጠ ከዜሮ በላይ፣ ጥቁር ከበለጠ ከዜሮ በታች ነው። ድሮ ይህ ቁጥር የሚቆጠረው በወታደር ነበር። ሲደመር 1 ማለት ነጭ አንድ ወታደር የበለጠ ያህል ነው ማለት ነበር። በ2022 መጨረሻ ከወጣው ስቶክፊሽ 15.1 ወዲህ ግን ትርጉሙ ተቀይሯል። አሁን ሲደመር 1 ማለት ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። አብዛኛው ተጠቃሚም የሚያውቀው አይመስለኝም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቁጥሩ የሚነግረን ሁለት የማይሳሳቱ፣ የማይፈሩ፣ የማይደክሙ ተጫዋቾች ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን ነው። ሎንዶን ካፌ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው አይናገርም።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ኢንጂኑ መጀመሪያ የሚናገረውና ትንሽ ቆይቶ የሚናገረው አንዳንዴ አይገናኝም። ጥልቀቱ፣ ማለትም ወደፊት የሚያሰላው የእንቅስቃሴ ብዛት፣ በጨመረ ቁጥር ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ልጁ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ ወደ ቀጣዩ ሙቭ ይዘል ነበር። ቲቸር «ፈተና ላይም እንዲህ ነው እንዴ የምትሠራው?» አሉትና እንዲጠብቅ አደረጉ። ስልኩ እንደ ምጣድ ጋለ። ባትሪውም ቶሎ ቶሎ ወረደ። መብራት ደግሞ በዚያው ከሰዓት ጠፍቶ ነበርና የአንድ ሰው ፓወር ባንክ ተለምኖ መጣ።

18ኛው እንቅስቃሴ

የማይሞተው ጨዋታ የተደረገው በ1851 ሎንዶን ውስጥ፣ ሲምፕሰንስ በተባለው የቼዝ ሰዎች መሰብሰቢያ ነው። አዶልፍ አንደርሰን የብሬስላው ሰው ነው፣ ሥራው ሂሳብ ማስተማር። ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ቼዝ እያስተማረ የሚኖር ሰው ነበር። በከተማው ትልቅ ውድድር እየተካሄደ ነበር፣ በኋላም አንደርሰን አሸንፎታል። ይህ ጨዋታ ግን የውድድሩ አካል አይደለም። በትርፍ ሰዓት ለጨዋታ ያህል የተቀመጡበት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያሰምርበት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ጨዋታውን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አድርጎ ነው የሚያስበው።

አንደርሰን በነጭ ተጫውቶ መጀመሪያ አንድ ቢሾፕ ሰጠ። ቀጥሎ ሁለቱንም ግንቦች ሰጠ። በመጨረሻ ንግሥቱን ሰጠ። ከዚያ በ23ኛው እንቅስቃሴ፣ በቀሩት ሁለት ፈረሶችና አንድ ቢሾፕ፣ ቼክ ማት አለ። የጥቁር ሠራዊት ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው፤ ግማሹ ከመነሻ ቦታው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የማይጮህ ልጅ የለም።

ኢንጂኑ ግን 18ኛው ላይ ቆመ። በዚያ ቦታ የጥቁር ንግሥት ቢ2 ላይ (ፊደሉ የቦርዱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል) ያለውን ወታደር በልታ የነጭን ግንብ እያየች ነው። አንደርሰን ቢሾፑን ዲ6 ላይ አስቀመጠው። ሁለቱንም ግንቦች «እንካ ብላ» ማለቱ ነው። በየመጽሐፉ ይህ እንቅስቃሴ ሁለት ቃለ አጋኖ፣ «ድንቅ» ማለት ነው፣ ሲሰጠው ኖሯል። ስልኩ ላይ የጥያቄ ምልክት ነው ያለው።

ለምን? ምክንያቱም ከዚያ በፊት ነጭ አሸናፊ ነበር። ወታደሩን ወደ ዲ4 ቢገፋ፣ ወይም ግንቡን ወደ ኢ1 ቢያወጣ፣ ወይም ቢሾፑን ወደ ኢ3 ቢስብ፣ ያን ሁሉ ሀብት ሳይበትን ጥቁርን መጨረስ ይችላል። ቢሾፕ ዲ6 ግን ጥቁርን ከገባበት የሚያወጣ ቀዳዳ ከፈተ።

ቀዳዳው ይህች ናት። የጥቁር ንግሥት ኤ1 ላይ ያለውን ግንብ በቼክ ትበላለች። የነጭ ንጉሥ ወደ ኢ2 ይወጣል። ከዚያ ንግሥቲቱ ወደ ቢ2 ትመለሳለች። በቃ፣ መመለስ ብቻ። ቢ2 ላይ ሆና ከነጭ ንጉሥ አትርቅም፣ በሰያፍ እስከ ጂ7 ድረስ ያለውን የራሷን ቤትም ትጠብቃለች። ጥቁር እንዲህ ካደረገ የሚታገልበት ጨዋታ አለው። ኪዘሪትስኪ ግን መጀመሪያ በቢሾፑ ጂ1 ላይ ያለውን ግንብ በላ። አንደርሰን ወታደሩን ወደ ኢ5 ገፋ። ያ ወታደር በሰያፉ መስመር መሃል እንደ ተዘጋ በር ተገተረ። ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ ሌላውን ግንብ ብትበላም ወደ ጂ7 የሚያደርሳት መንገድ የለም። ጨዋታው አለቀ።

ልጁ ይህን ሲያይ ደስ አለው። «አላልኩም?» አለ። እውነትም ብሏል።

ቲቸር ግን ሌላ ነገር ጠየቁ። ይህን መከላከያ ኢንጂኑ ነው ያገኘው? አይደለም። ቪልሄልም ሽታይኒትስ፣ ኋላ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው፣ በ1879 ጽፎታል። ንግሥቲቱ ግንቡን ትብላ፣ ወደ ቢ2 ትመለስ ብሏል። ኤሌክትሪክ እንኳ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሦስቱን የተሻሉ የነጭ አማራጮችም ጀርመናዊው ግራንድማስተር ሮበርት ህዩብነር በትንተናው አስቀምጧቸዋል። ታዲያ መጽሐፎቹ ለምን ሁለት ቃለ አጋኖ ሲያትሙ ኖሩ?

የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር ለእኔ እዚህ ጋ ነው። ጨዋታ የሚተነትን ሰው ማን እንዳሸነፈ አውቆ ነው የሚቀመጠው። አሸናፊው ያደረገው ሁሉ የዕቅዱ አካል ይመስለዋል። ተሸናፊው ያደረገው ሁሉ የግድ የሆነ ይመስለዋል። ከዚያ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል። እያንዳንዱ ቅጂ አንድ ቃለ አጋኖ ይጨምራል። ስቶክፊሽ ማን እንዳሸነፈ አያውቅም፣ አይጨነቅበትምም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያራግፈው ያንን ውዳሴ ነው። አንደርሰን ራሱ «ይህ ፍጹም ነው» ብሎ አልጫወተውም። ከውድድር ውጭ ተቃዋሚውን አጣብቂኝ ውስጥ ከተተው፣ ተሳካለት። ተሸናፊው ኪዘሪትስኪም አልተቀየመም፤ በዚያው ዓመት ጨዋታውን በራሱ መጽሔት ላይ አሳተመው። «የማይሞተው» የሚለውን ስም ያወጣለት ሌላ ሰው ነው፣ ኤርንስት ፋልክቤር፣ በ1855።

ከዚያ ቲቸር አንድ ፈተና አመጡ። ስልኩ ተገልብጦ ይቀመጥ አሉ። ልጁ በጥቁር በኩል ይቀመጥ። ቦርዱ ላይ 18ኛው እንቅስቃሴ ተደርጎ ይቆይ። መልሱን ያውቃል፣ ንግሥቲቱ ኤ1 ትበላና ቢ2 ትመለሳለች። «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉት። ከዚያ በኋላ እሳቸው በነጭ ሲገፉ ልጁ አልያዘውም። ንጉሡ ከመሃል መውጫ አጥቶ ተጠፈረ። ደግሞ ተቀመጠ፣ ደግሞ ወደቀ። ሌሎቹም ሞከሩ። ለኢንጂኑ ደህና የሆነ ቦታ ለሰው እሳት ነው። ልጁ ግን እልኸኛ ነውና በሳምንቱ ተዘጋጅቶ መጥቶ ያዘው። ስልኩ ያስጠናው መሆኑን አልደበቀም። ቲቸርም አልጠሉትም።

ኦፔራ ቤቱ

ሁለተኛው ጨዋታ ቶሎ አለቀ። አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የተጫወተው ነው። ተቃዋሚዎቹ የብራውንሽቫይግ መስፍንና አንድ ካውንት ናቸው፣ ሁለቱ እየተማከሩ ለአንድ። 17 እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ኢንጂኑ ሞርፊን ከሞላ ጎደል ያመሰግነዋል። አንድ የሚያከራክር ቦታ አለ። 8ኛው ላይ ሞርፊ ንግሥቱን ልኮ ቢ7 ላይ ያለውን ወታደር በነፃ መብላት ይችል ነበር። ያን ጊዜ ጥቁር ቢ4 ላይ በንግሥቱ ቼክ ብሎ ንግሥቶች ይለዋወጣሉ፣ ነጭ አንድ ወታደር በልጦ ረጅም ጨዋታ ይጫወታል። ሞርፊ አልፈለገም። ፈረሱን አወጣ። ልጁ «ነፃ ወታደር ትቶ?» አለ። ቲቸር «ኦፔራውን ሊያይ ይሆናላ የቸኮለው» ብለው ሳቁ።

የወደቁት መስፍኑና ካውንቱ ናቸው። ጥቁር 9ኛው ላይ ወታደሩን ወደ ቢ5 ገፍቶ የሞርፊን ቢሾፕ ሊያባርር ሞከረ። ከዚያ ወዲህ መውጫ የለም። ፈረስ ይሰዋል፣ ግንብ ይሰዋል፣ ንግሥት ቢ8 ላይ ትሰዋለች፣ ግንቡ ዲ8 ላይ ማት ይላል። ኢንጂኑም ይህን ሲያይ የሚቃወመው ነገር የለውም።

ይህ ጨዋታ ፈተናውን ያለፈው ተቃዋሚው ደካማ ስለሆነ ነው ብሎ ልጁ ተከራከረ። ልክ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታዎች በኢንጂን ሲታዩ በብዛት የሚሰነጠቁት በመከላከል በኩል ነው። ያን ጊዜ መስዋዕትነት ከቀረበ መብላት እንደ ክብር ይቆጠር ነበር። ቁጭ ብሎ የተጨነቀ ቦታን በትዕግሥት መያዝ ገና ትምህርት አልሆነም። ያንን ትምህርት ያመጣው ያው ሽታይኒትስ ነው።

ካፓብላንካ

ሦስተኛውን የመረጡት ቲቸር ናቸው። እንደ መልስ ምት ነበር የያዙት። ካፓብላንካ ከታርታኮቨር፣ ኒው ዮርክ 1924። በዚያ ውድድር ላስከር አንደኛ ወጣ፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ካፓብላንካ ሁለተኛ። ለስምንት ዓመት ያህል ሳይሸነፍ ቆይቶ በሬቲ የተሸነፈውም እዚያው ነው።

ቦታው የግንብ መጨረሻ ጨዋታ ነው። ነጭ በጂ መስመር የሚገፋ ወታደር አለው፣ ግንቡ ኤች7 ላይ ገብቷል። የጥቁር ግንብ ደግሞ የነጭን ወታደሮች ሊለቅም ተዘጋጅቷል። ተራ ተጫዋች ሲ3 ላይ ያለውን ወታደር ለመጠበቅ ይሯሯጣል። ካፓብላንካ 35ኛው ላይ ንጉሡን ወደ ጂ3 አወጣ። ወታደሩ በቼክ ተበላ። ንጉሡ ወደ ኤች4 ቀጠለ። ሌላ ወታደር በቼክ ተበላ። ንጉሡ ጂ5፣ ከዚያ ኤፍ6 ደረሰ። አሁን ነጭ ሁለት ወታደር ተበልጧል። ግን ንጉሡ፣ ግንቡና የጂ6 ወታደር የጥቁርን ንጉሥ ጥግ ላይ አንቀው ይዘውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፣ እኔ ከሦስቱም ጨዋታ የወደድኩት። ካፓብላንካ ወደ ኤፍ6 ሲያልፍ ኤፍ5 ላይ ያለውን የጥቁር ወታደር መብላት ይችል ነበር። አልበላም። ያ ወታደር በኤፍ መስመር ከሚመጣ የግንብ ቼክ ይከልለዋል። የጠላት ወታደር ለንጉሡ ጥላ ሆነ። ቲቸር ልጆቹን «ለምን አልበላውም?» ሲሉ ዝም አሉ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ «እንዳይመታ» አለች። ስልክም አልነካች።

ልጁ ቁጥሩን ጠበቀ። ኢንጂኑ ያንኑ የንጉሥ ጉዞ መረጠ። ጥልቀቱ ሲጨምርም አልተወውም። ጨዋታው ሁሉ ንፁህ ነው ማለት አይደለም፤ ቀደም ብሎ በሁለቱም ወገን ትንንሽ ቅናሾች አሉ። ወሳኙ ቦታ ላይ ግን ሰውየውና ማሽኑ ተስማሙ።

የሚገርመው፣ ይህ የአንድ ጨዋታ ዕድል አይደለም። በ2006 የሉብሊያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቴይ ጉይድና ኢቫን ብራትኮ የዓለም ሻምፒዮኖችን ጨዋታ፣ ከሽታይኒትስ እስከ ክራምኒክ፣ ክራፍቲ በተባለ ኢንጂን ፈትሸው ነበር። በአማካይ ከኢንጂኑ ምርጫ ከሁሉም ባነሰ የራቀው ካፓብላንካ ሆኖ ተገኘ። በጊዜው ጩኸት ተነሣ። ክራፍቲ ራሱ ከሻምፒዮኖቹ ይደክማል፣ እንዴት ዳኛ ይሆናል ተባለ። በኋላ በጠነከሩ ኢንጂኖች ሲሞክሩም ካፓብላንካ ከላይ አልወረደም።

ልጁ ይህን ሰምቶ ጥሩ ጥያቄ አነሣ። «ቀላል ቦታ ስለሚመርጥ አይደለም እንዴ?» ተመራማሪዎቹም ይህንኑ አንሥተውታል። የካፓብላንካ ቦታዎች በውስብስብነት ዝቅ ያሉ ናቸው። ቀላል መንገድ የሚመርጥ ሾፌር ብዙም አይጋጭም። እንደ ሚካኢል ታል ያለ አጥቂ ሻምፒዮን ሆነ ብሎ ጫካ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ስህተቱ ይበዛል፤ ተቃዋሚው ግን ከእሱ የበለጠ ይሳሳታል። ትንሽ ስህተት ማለት ጥሩ ተጫዋች ማለት ብቻ አይደለም። ቲቸር ይህን ነጥብ ለልጁ ሰጡት። እኔም ሰጥቼዋለሁ።

በዚህ መሃል ሰንጠረዥ

ከሻይ በኋላ አንድ አዛውንት ጎረቤት ገብተው ነበር። ስለ ስልኩ ሲሰሙ «ለሰንጠረዥስ እንዲህ ያለ አለ?» ብለው ጠየቁ። የእኛው የአገር ቤት ሰንጠረዥ ከቼዝ ይለያል። መጀመሪያ ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለው፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ይህን በሙቭ ቁጥር መመዝገብ ራሱ ይከብዳል። የቤተ መንግሥት ሰዎች የተጫወቱት ጨዋታ አንድ በአንድ ተጽፎ ስላልቆየ ኢንጂን ቢመጣ እንኳ የሚፈትሸው የለውም። አንደርሰን እንዲህ የሚተቸው ጨዋታው ስለተጻፈለት ነው። ይህን ስል ልጁ «እሱም ቢሆን ጥቅም ነው» አለ፣ የምሩን።

ምን ተቀየረ?

ቲቸር ጨዋታዎቹን አልጣሉም። አሰላለፋቸውን ግን ቀየሩ። የካፓብላንካን የመሰሉ የመጨረሻ ጨዋታዎች አሁንም «እንዲህ ተጫወቱ» ተብለው ይሰጣሉ። የአጥቂዎቹ ጨዋታዎች ግን በሁለት በኩል ይታያሉ። መጀመሪያ በነጭ፣ እንደ ድሮው፣ ከነጩኸቱ። ቀጥሎ ቦርዱ ይዞርና «ጥቁርን አድኑ» ይባላል። ይህኛው ክፍል ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጆቹም የበለጠ ይወዱታል። ማንም ያላሰበው ነገር ነው።

ስለ ስልኩ ደንብ ወጣ። ሁሉም መልሱን ደብተር ላይ ሳይጽፍ ስልክ አይገለበጥም። ከተገለበጠም የመጀመሪያው ቁጥር አይነበብም፣ ኢንጂኑ እስኪረጋ ይጠበቃል። የኢንጂኑ የጥያቄ ምልክት ብቻውንም መልስ አይደለም። «ስህተት ነው» ያለ ሰው ተቃዋሚው እንዴት እንደሚቀጣው ቦርድ ላይ ማሳየት አለበት። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ያመጣው ልጁ ራሱ ነው። ምናልባት በጥቁር ተቀምጦ የወደቀው ውድቀት ትዝ ብሎት ይሆናል።

የወላጅየው ጥያቄ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዛሬ ያሉ ጠንካራ ወጣቶች ብዙ የሚሠሩት ከኢንጂን ጋር ነው፤ እነሱን «አንደርሰንን ካላያችሁ» ማለት አይቻልም። የእኔ ግምት ግን አለ። ለጀማሪ የኢንጂን ጨዋታ አይገባም። ሁለት ማሽኖች ሲጫወቱ አደጋው ገና ሳይታይ ስለሚከለከል ቦርዱ ላይ ምንም የሆነ አይመስልም። የድሮዎቹ ጨዋታ ላይ አንድ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ምክንያቱም ማንም አላቆመውም። ለመማር የሚመቸውም ይህ ጉድለታቸው ነው።

ልጁ አሁን ሌላ ነገር ይዟል። ኢንጂኑ የማይጥለው የድሮ መስዋዕትነት ፍለጋ ገብቷል። መጀመሪያ ያመጣው በ1956 ኒው ዮርክ ላይ ቦቢ ፊሸር ከዶናልድ በርን የተጫወተውን ነው። ፊሸር የዚያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከእሱ ያነሰ። 17ኛው ላይ ቢሾፑን ኢ6 ላይ አስቀምጦ ንግሥቱን ለቀቀ። ልጁ ሊጥለው ነበር የሄደው። ስልኩ ሲግል ቢቆይም ሌላ የተሻለ አላገኘም።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር አለ። አዲስ የመጣ ልጅ በየትኛው ጨዋታ ይጀምር? ቲቸር አሁንም የማይሞተውን ይላሉ፣ ሁለት ቃለ አጋኖውን ሳይነኩ፤ ስህተቱ ከወር በኋላ ቢነገረው ይደርሳል ባይ ናቸው። ልጁ ደግሞ ይህ ማታለል ነው ይላል። ለጊዜው ጀማሪዎችን በተራ ለማስተማር ተስማምተዋል። የመጪው ቅዳሜ ተረኛ ልጁ ነው። ካፓብላንካን ይዤ እመጣለሁ ብሏል።